የሰፈር የስኳር ክትትል፦ ከጣት ጫፍ እስከ ቡና ረከቦት

እሁድ ጠዋት በዕድሩ አዳራሽ «የስኳር ምርመራ በነፃ» ተብሎ ጠረጴዛ ሲዘረጋ፣ ከመለኪያው ማሽን በፊት መቅረብ ያለበት ውኃና ሳሙና ነው። ብርቱካን ልጦ የመጣ ወይም ለልጁ ሻይ አጣፍጦ የወጣ ሰው ጣቱ ላይ የቀረችው ጣፋጭ ከደሙ ጠብታ ጋር ትቀላቀልና 100 (ሚሊግራም በዴሲ ሊትር) ሊሆን የሚገባውን ውጤት ከ200 በላይ ልታደርሰው ትችላለች። በአልኮል ጥጥ መጥረግ ብቻውን አይበቃም፤ ስኳሩን የሚያነሳው ውኃ ነው። ከታጠቡ በኋላም እጅ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ደሙን አቅጥኖ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ያልተሟላበት ምርመራ ጤነኛውን አስደንግጦ፣ ታማሚውን «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኛል።

የሚወጋው ከጣት ጫፍ ጎን እንጂ ከመሐሉ አይደለም፤ መሐሉ ነርቭ ስለሚበዛበት ያማል፣ ቀኑን ሙሉም ዕቃ በነኩ ቁጥር ይሰማል። ደም አልወጣ ሲል ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ከደሙ ጋር የሰውነት ፈሳሽ ያወጣል፣ ያም ቁጥሩን ያዛባል። እጅን ወደ ታች ዘቅዝቆ ማወዛወዝ ይሻላል። ላንሴቷ (ጣት የምትወጋው ትንሿ መርፌ) ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ናት፤ እንደ እስክሪብቶ የሚጫነው መውጊያም የግል ዕቃ ስለሆነ፣ መርፌው ቢቀየር እንኳ ለሕዝብ ምርመራ አይሆንም። ደም የነካው ጫፉ ሄፓታይተስ ቢን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። ያገለገለ ላንሴት ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሳጥን) ይገባል። የስትሪፑ (የደም ጠብታውን ተቀብሎ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ቆርቆሮም አንድ ስትሪፕ በወጣለት ቁጥር ወዲያው ይከደናል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ስትሪፕ ቀኑ ባያልፍበትም እምነት አይጣልበትም።

ስትሪፕ ውድ ነው፤ ስለዚህ ለማን ይዋል የሚለው ቀድሞ መወሰን አለበት። ሰልፍ የያዘ ሁሉ ከተመረመረ ጎረምሶቹ ጨርሰውት ይሄዳሉ። ቅድሚያ የሚሰጠው ዕድሜው 40 ያለፈና ወገቡ የሰፋ ሰው ነው። ወገብ የሚለካው በልብስ ስፌት ሜትር፣ በመጨረሻዋ ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው፤ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ምልክት ይደረግበታል። ቀጥሎ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ 4 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሕፃን የወለደች ወይም በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር ታይቶባት የነበረች ሴት። ውኃ ጥም የያዘው፣ ሌሊት ሽንት ደጋግሞ የሚያስነሳው፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ሰልፍ አያስፈልገውም፤ ሕፃንም ቢሆን።

ውጤቱን ስንተረጉም ለ8 ሰዓት ምንም ሳይበላ የተለካውንና በማንኛውም ሰዓት የተለካውን መለየት ግድ ነው። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ደህናም ሕመምም ያልሆነ መሐል ሜዳ ነው (የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሜዳ ከ110 ይጀምረዋል)። 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ ስኳር ሕመም ይባላል። በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክቶቹም ካሉ ያው ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ 6.5 በመቶ ሲደርስም እንዲሁ። በአውሮፓ ያሉ አንባቢዎቻችን ማሽናቸው 7 ወይም 11 የሚል ትንሽ ቁጥር ካሳያቸው በ18 ያባዙት፤ የእነሱ 7 የእኛ 126 ነው።

ድሮ አባቶች በሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው ስኳር መኖሩን ይለዩ ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ጉንዳኑ ግን የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው ደም ውስጥ ያለው ከ180 አካባቢ ሲያልፍ ስለሆነ፣ በ130 እና በ170 መካከል ለዓመታት ዓይንንና ነርቭን ሲጎዳ ጉንዳን አይጠራም። ሕመምም የለውም። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር።

ከጠረጴዛው በኋላ

ብዙ የሰፈር ምርመራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። 240 የወጣለት ሰው «ጤና ጣቢያ ሂድ» ተብሎ በባዶ እጁ ይሸኛል፤ ሰኞ ሥራ አለው፣ ማክሰኞ ለቅሶ አለበት፣ በሳምንቱ ምንም ስለማይሰማው «ያ ማሽን ተሳስቷል» ይላል። ስለዚህ ከምርመራው ቀን በፊት መያዝ ያለበት የጤና ጣቢያው ቀጠሮ ነው። የትኛው ቀን፣ የትኛው ክፍል፣ በባዶ ሆድ እንዲመጣ፤ ይህ በወረቀት ተጽፎ በእጁ ይያዝ፣ ስልኩም ይመዝገብ። በ10 ቀን ውስጥ ካልመጣ የሚደውልለት ሰው ከወዲሁ ይታወቅ። ለ30 ሰው የሚሆን የክትትል ቦታ ብቻ ካለ 300 ሰው መመርመር ድካም ነው።

ደዋይዋ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ለ5,000 ያህል ሰው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን በጤና ኬላ አስቀምጧል። መነሻው እናትና ሕፃን፣ ክትባት፣ ወባና መጸዳጃ ቤት ነበር፤ ስኳርና ደም ግፊት የመጡት በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ሸክሟ ከብዷል። እሷ መድኃኒት እንድታዝ መጠበቅ የለብንም፤ የቀረውን ሰው ታገኛለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፣ እግር ታያለች። ለዚህ ሥራ ከማንም ትበልጣለች፤ ቤቱን ታውቀዋለችና።

ሕክምናው ራሱ ወደ ሰው መቅረብ እንደሚችል በጎንደርና በጅማ ታይቷል። የስኳርና ሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ከሆስፒታሎቹ ወርዶ በገጠር ጤና ጣቢያዎች በሠለጠኑ ነርሶች እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ለአንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ቀን ሙሉ ይጓዝ የነበረው ገበሬ በአቅራቢያው ማግኘት ጀመረ። ነርሷ የማትወጣውን ብቻ ወደ ሐኪም ታስተላልፋለች።

ከዚያው ሥራ ሌላም ነገር ይታያል። የስኳር ሕመም «የሀብታም በሽታ» ነው የሚለው ወሬ በገጠር አይሠራም። እዚያ ክትትል የሚያደርጉት ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ወጣትና ድሃ ናቸው፣ ኢንሱሊንም ያስፈልጋቸዋል። ለዓመታት የዘለቀ የምግብ እጥረት ከእንዲህ ዓይነቱ ስኳር ጋር ያለው ግንኙነት ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎታል። ለሰፈር ሠራተኛ ትርጉሙ አጭር ነው፤ ከሳ ብሎ፣ ውኃ እየጠማው፣ ሽንት እያመላለሰው የመጣን ጎረምሳ «ስኳር የወፍራም ነው» ብለህ አትመልሰው።

ምንም ሳልበላ እንዴት 180 ሆነ?

በክትትል ክፍል ከሚሰሙት ጥያቄዎች ይህን የሚያህል ተደጋጋሚ የለም፤ መልሱ ሕመሙን ራሱን ያስረዳል። ጉበት እንደ ጎተራ ነው። ስንበላ ስኳር ያስገባል፣ ስንተኛ አንጎል እንዳይራብ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ለጎተራው «በቃ፣ ዝጋ» የሚለው ኢንሱሊን ነው። በብዙዎቹ አዋቂዎች ላይ በሚታየው ዓይነት 2 ኢንሱሊን አለ፣ ጎተራው ግን አይሰማውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅ ያድራል። ጡንቻም ከደም ስኳር ለመውሰድ ይለግማል። በዓይነት 1 ደግሞ ኢንሱሊኑ ራሱ የለም ማለት ይቻላል። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን ዋና ሥራው ይህን የሌሊት ጎተራ መዝጋት ስለሆነ፣ «ዛሬ ጣፋጭ ስላልበላሁ አልውጠውም» ማለት ትርጉም የለውም። ሆድ እንዳያስቸግር ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በ500 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ይጨመራል። በአንዴ ከፍ ተደርጎ የተጀመረለት ሰው ተቅማጥ ይይዘውና «አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል።

መሐል ሜዳ ላሉት ግን መድኃኒት የመጀመሪያው መልስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ በሠለጠኑ ሰዎች ላይ ወደ ስኳር ሕመም የመሸጋገሩ ዕድል በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን በወሰዱት ላይ የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ 5.6 ኪሎ ነው። 150 ደቂቃ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ፣ እየተነጋገሩ መዝፈን ግን በማያስችል ፍጥነት መራመድ ነው፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ ወርዶ በእግር መግባት አብዛኛውን ይሸፍነዋል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት እሁድ፣ ጥሩ ማነቃቂያ ነው፤ በወር አንድ እሁድ ግን ልምምድ አይባልም።

ይህ ጉዳይ ወደ እስራኤል የሄዱትን ወገኖቻችንን በተለየ ሁኔታ ይመለከታል። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰለሞን የገቡት ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም። የእግር መንገዱ ቀርቶ፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ሲተካ ሕመሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋ፤ ብዙ ያልወፈሩትንም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሐዴራ ውስጥ የተቋቋመው ጤና ብሪኡት የተሰኘው ድርጅት የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ በአማርኛና በዕብራይስጥ ሁለቴ «ጤና» ማለት ነው። ከማኅበረሰቡ የወጡ፣ ቋንቋውንም ገበታውንም የሚያውቁ ሰዎች በሕክምናውና በቤተሰቡ መካከል እንዲቆሙ ያደርጋል። «ካርቦሃይድሬት ቀንሱ» የሚለውን ወደ አማርኛ መተርጎም ቀላል ነው፤ ከመሶቡ ላይ ምን ያህል ይነሳ የሚለውን ለመናገር ግን መሶቡን ማወቅ ይጠይቃል።

መሶቡ

ስለዚህ እንለካው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ ሙሉ እንጀራ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ውኃው ሲቀነስ 120 ግራም ያህል ደረቅ ነገር ይቀራል፣ ከዚያም ውስጥ 90 ግራም ገደማው ወደ ግሉኮስ የሚፈጭ ነው። ከ20 የሻይ ማንኪያ ስኳር የማያንስ ማለት ነው፤ ከስኳር ዘግየት ብሎ ወደ ደም መግባቱ ግን ልዩነት አለው። ጤፍ ብረትና አሰር (ቃጫ) አለው፣ ከነጭ ዳቦ ይሻላል። «የጤፍ እንጀራ ስኳር አይጨምርም» የሚለው ግን ስህተት ነው። ሁለት እንጀራ እየበላ «ጣፋጭ ትቻለሁ» የሚል ሰው ዋናውን አልነካውም። ሩዝ የተደባለቀበት እንጀራ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ለአንድ ገበታ ግማሽ እንጀራ ለብዙ አዋቂ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ተለክቶ ከ180 በታች ከሆነ ይበቃል። ከጎኑ የጎመኑ፣ የፎሶሊያው፣ የሰላጣው መጠን ከእንጀራው ይብለጥ። ምስርና ሽሮ መልካም ናቸው፤ ዘይቱ ግን በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ ይቆጠር።

ችግሩ የጋራ ትሪ ልክ የለውም። ከአምስት ሰው ጋር የበላ ሰው ስንት እንደበላ አያውቅም። መፍትሔው ታማሚውን ከገበታው ማራቅ አይደለም፤ የእሱ ግማሽ እንጀራ ከመቅረቡ በፊት ተቆርጦ በፊቱ ይቀመጥ፣ ሲያልቅ አልቋል። ከዚያ የሚመጣው ጉርሻና «በሞቴ ይቺን ብቻ!» ነው። በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ ማለት እንደሚከብደው ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ማስተካከል የታማሚው ሳይሆን የአጉራሹ ሥራ ነው፣ ለዕድር ስብሰባ ከሚበቁ አጀንዳዎችም አንዱ ነው። ማጉረስ ካልቀረ ጎመኑ ይጎረስ።

ቡናውም ይቆጠራል። በአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትጨምር ሴት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትጠጣ 6 ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ያህል ስኳር ወሰደች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ቢበዛ ይህን ያህል ቢሆን ይመረጣል ያለው 25 ግራም ነው፤ አንድ ቡና ጨረሰችው። ማታም ከተፈላ ሁለት ቀን ሆነ። ስኳሩን ሲኒው ውስጥ አድርጎ ከማቅረብ ማንኪያና ስኳር ለየብቻ በረከቦቱ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ ይቀንሳል፤ ጤና አዳም የለመደ ምላስ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ ስኳር ይለምዳል። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ለስላሳ በውስጡ 30 ግራም ገደማ፣ ሰባት ስምንት ማንኪያ አለው። ማር «ተፈጥሯዊ» ቢሆንም ለደም ስኳር ያው ስኳር ነው። ለቡና ቁርስ ከዳቦ ቆሎ ይሻላል፤ እፍኝ እስከሆነ ድረስ።

አብሽና ሺፈራው ደግሞ በየቤቱ አሉ። አብሽ ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ መጠኑ ያልታወቀ ነገር ከመድኃኒት ጋር ሲደረብ ግን ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር። መድኃኒቱን አስትቶ በምትኩ የሚጠጣ ከሆነ አደገኛ ነው።

ጾም

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው በጾም ሰዓት ስኳሩ ወርዶ የመውደቅ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ግን ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ምሳ ካልበላ ቅዳሴ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑና ሰዓቱ መስተካከል ያለበት ጾሙ ከመግባቱ ከወር በፊት ነው፤ በዓቢይ ጾም ዋዜማ አይደለም። ለረመዳንም ያው ነው። የጣት ደም መለካት ጾም እንደማያፈርስ በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ በሰፊው ተቀባይነት ያለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ጾመኛ በቀን መሐል ይለካ። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ያን ዕለት ይፈታል። የንስሐ አባትም ኢማሙም ይህን ቁጥር ቢያውቁ፣ «የታመመ ይፈታል» የሚለው ቃላቸው ከማንም ምክር በላይ ይሰማል።

ሌላው የጾም ወጥመድ ተገላቢጦሹ ነው። ሥጋና ወተት ሲቀር ቦታውን ዳቦ፣ ድንች፣ ፓስታና ሳምቡሳ ይወርሰዋል፤ 9 ሰዓት የተራበ ሰው ደግሞ በአንዴ ይበላል። የጾም ስኳር ከፍስክ ስኳር ከፍ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ጸበልን በተመለከተ፦ የሚጎዳው መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ኢንሱሊን ብቻ የሚያኖረው ሰው ለሁለት ሦስት ቀን ካቋረጠ ማስመለስ፣ በረዥሙ መተንፈስና የፍራፍሬ ሽታ ያለው ትንፋሽ ይመጣል፤ ይህም ጨጓራ ወይም ወባ ይመስላል፣ ካልታከመ ይገድላል። ጸበሉም ብልቃጡም አብረው ይሂዱ።

ብልቃጡ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ ለ28 ቀን ያህል ይቆያል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ሰው ለከፈተው ብልቃጥ ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ቆላ ያለ ያስፈልገዋል። ፍሪጅ ከሌለ ሁለት የሸክላ ዕቃ ይበቃል። ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይገባል፣ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ በውኃ ይረጥባል፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ይታሸጋል። የሚያቀዘቅዘው ውኃው ሲተን ስለሆነ በደረቅ ቆላ በደንብ ይሠራል፣ አየሩ እርጥበት ባለው ቦታ ደካማ ነው። የፍሪጅ ያህል ባይቀዘቅዝም ከቤቱ ሙቀት በብዙ ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል። በረዶ ቤት ግን በፍጹም አይገባም፤ የረጋ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም ሞቷል።

አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ 1,000 ዩኒት ነው። በቀን 30 ዩኒት የሚወስድ በ28 ቀን 840 ይጨርሳል። በቀን 15 የሚወስድ ግን «ገና ግማሽ አለ» ብሎ ለሁለት ወር ያስኬደዋል፤ ስኳሩ ያለ ምክንያት ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ብልቃጡ መቼ ተከፈተ?» ነው። የተከፈተበት ቀን በፕላስተር ላይ ይጻፍ። ወተት የመሰለው ደብዛዛ ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል ይንከባለል፤ አይናጥ። ጓል ከሠራ ወይም ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ይጣል። ጥርት ያለና ደብዛዛ ኢንሱሊን በአንድ ሲሪንጅ የሚደባለቁ ከሆነ ጥርት ያለው ቀድሞ፣ ደብዛዛው ተከትሎ ይቀዳል። ሲሪንጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር 100 (ዩኒት በሚሊ ሊትር) መሆኑ ይታይ፤ ለ40 በተሠራ ሲሪንጅ የ100ውን ኢንሱሊን እስከ ተለመደው መስመር የቀዳ ሰው የመጠኑን ሁለት ዕጥፍ ተኩል ወሰደ።

አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ቆዳ ሥር እብጠት ይሠራል። እብጠቱ አያምም፣ ስለዚህ ይወደዳል፤ ከዚያ የተወጋ ኢንሱሊን ግን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይፈጥናል። በየቀኑ ሁለት ጣት ያህል ራቅ እያሉ በሆድና በጭን ላይ ማዘዋወር ነው።

ሲወርድ

ድንገት የሚያልብ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ነገር የሚያምታታ ሰው ሰካራም ይመስላል፣ «መንፈስ ያዘው» ይባላል። ስኳር እንዳለበት የሚያውቅ ጎረቤት ካለ ግን ነገሩ በ15 ደቂቃ ይፈታል፦ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፣ ሲሻለው ምግብ ይበላል። ወተትና ቸኮሌት ስብ ስላላቸው ይዘገያሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በግሊቤንክላማይድ ምክንያት የወረደ ከሆነ ነቅቶም ዳግም ሊወርድ ስለሚችል፣ ተሻለኝ ቢልም ሐኪም ይየው።

እግር

የሰፈር ሥራ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚያፈራው እዚህ ነው፤ ማሽንም ገንዘብም አይጠይቅምና። ነርቩ የተጎዳ እግር አያምም፣ ስለዚህ ሚስማር ወግቶት ቀኑን ሙሉ ይራመድበታል። «እግሬ በረደኝ» ብሎ ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚዘረጋ አዛውንት ብርድ ሳይሆን የነርቭ ጉዳት ይሆናል የተሰማው፤ ሲቃጠል አያውቅም። ለእግር የተዘጋጀ ውኃ ሌላ ሰው በክርኑ ይሞክረው።

ስሜቱ መኖሩን ለማወቅ ጣት ይበቃል። ታማሚው ተኝቶ ዓይኑን ይጨፍን፣ ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። የቀኝ እግር አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ፣ የግራ አውራ፣ የግራ ትንሿ፣ የቀኝ መሐለኛ፣ የግራ መሐለኛ ጫፋቸው በሌባ ጣት በለስላሳው ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ይነካሉ። ሳይጫኑ፣ ሳያሹ፣ ሳይኮረኩሩ። ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ካልለየ እግሩ አደጋ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ ባዶ እግር የለም፣ ቤት ውስጥም ቢሆን።

ጫማ ከመጫማት በፊት እጅ ይግባበት፤ ጠጠርና እሾህ የሚያገኘው እጅ ነው። ክፍት ኮንጎ ጫማ ለዚህ እግር አይሆንም። አዲስ ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ካበጠ ወዲያ ነው። ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ እግር ላይ የጠጠረ ቆዳ በምላጭ አይነካ። ቫዝሊን ለተረከዝ ይሁን፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም፤ እርጥበቱ ፈንገስ ይጋብዛል። ውስጥ እግሩን ራሱ ማየት ያልቻለ መስታወት መሬት ላይ ያድርግ ወይም የልጅ ልጁ ይይለት። ቁስል ከታየ «ይድናል» ተብሎ በቅቤ ወይም በቅጠል ማሸግ የለም፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ።

ዕድሩ ምን ያድርግ?

ዕድር ለቀብር ገንዘብ ማሰባሰብ ይችልበታል፤ ለስትሪፕም ይችላል። አንድ መለኪያ ለአሥር አባወራ ሊሆን ይችላል፣ ላንሴቱና መውጊያው በየግል ሆኖ። ኢንሱሊን የማይወስድና በወር ስምንት ስትሪፕ ብቻ የደረሰው ሰው በየቀኑ ጠዋት እየለካ በስምንት ቀን ከሚጨርስ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይጠቀምባቸው፦ አንድ ቀን ከቁርስ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከምሳ በፊትና በኋላ፣ ከዚያ እራት። የትኛው ምግብ እንደሚያስወጣ በወሩ መጨረሻ ይታያል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ በወቅቱ መከፈሉንም ዕድሩ ይጠይቅ፤ ካርዱ ያላደሰ ሰው መድኃኒት ለመግዛት በግ ይሸጣል።

አንድ መዝገብ ይኑር። ስም፣ የመጨረሻ ቀጠሮ፣ የተገኘ ወይም የቀረ፣ እግር የታየበት ቀን፣ ዓይን የታየበት ዓመት፣ ብልቃጥ የተከፈተበት ቀን። ከዚህ የበለጠ ዓምድ ከጨመሩበት ማንም አይሞላውም። ስኳር አለብኝ ማለት ትዳር ወይም ሥራ የሚያሳጣው የሚመስለው ሰው ስላለ፣ መዝገቡ በዕድሩ ሊቀ መንበር ቤት ሳይሆን በጤና ኬላው ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ቁልፉም በባለሙያዋ እጅ ይሁን።